ያልተበላው ቀለበት

ናታንያ፣ ሺኩን ቫቲኪም
ማክሰኞ ጠዋት፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለማዓያን፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አጎትሽ ደጀን ይህን ወረቀት ሲሰጥሽ መጀመሪያ ቁጭ በይ፤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ለጓደኛሽ ለሺሪ ደውዬ ራት ይዛ እንድትመጣ ለምኛታለሁ። ለምን እንደመጣች አትጠይቂያት፤ "ዛሬ ብቻዋን እንዳትበላ" ከማለት በቀር የነገርኳት የለም። ጥቂት ቀመስ አድርገሽ ከዚያ አንብቢ። ደጀን "እኔ ወጣ ብዬ ሲጋራ ላጭስ" ይልሻል። ይውጣ፣ አትከተይው።

ደብዳቤ ሲጻፍ ከሰላምታው ቀጥሎ "እኛ ሁላችን ደህና ነን" ይባላል። አባቴ ሲያስጽፍ እንደዚያ ነበር፤ እኔም ጎንደር ለቀረው ወንድሜ ስጽፍ፣ ጥርሴ እያመመኝ እንኳ ያችን መስመር ትቼ አላውቅም። ዛሬ ዘልያታለሁ። ረስቼ አይደለም።

በዕብራይስጥ ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ ስህተቱ ቢበዛም ትረጂኝ ነበር። ግን በዕብራይስጥ ብጽፈው በአንድ እይታ ትጨርሺውና ታች ያለው ላይ ትደርሻለሽ። አማርኛውን ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ ፊደል በፊደል ነው የምታነቢው። እንድትዘገዪ ፈልጌ ነው። ፊደሉን ያስተማረችሽ እናትሽ ናት፤ እዚሁ ወፍጮ ቤት፣ በደንበኛ ጆንያ ላይ ከተጻፈ ስም። "አ"ን ያወቅሽው ከአበቡ የጤፍ ጆንያ ነው። "ቃ"ን ያወቅሽው ከቃኘው የበርበሬ ከረጢት ነው፤ አፍንጫሽን አስጠግተሽ ስታነቢ አስነጠሰሽና እናትሽ ሥራዋን አቁማ ሳቀች።

አሁንም የምጽፍልሽ ከዚያው ቤት ሆኜ፣ ሚዛኑ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ራማት የዲዲም ያለው ቤታችን ሰው ሞልቶበታል። ጎረቤቱ ወንበር እየተሸከመ ደረጃውን ይወጣል። የሚመጣው ሁሉ እጄን ይይዘኛል፣ እጄን ሲይዙኝ ደግሞ መጻፍ አልችልም። ስለዚህ "ወፍጮ ቤቱን ቆልፌ ልምጣ" ብዬ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ተቆልፎ ነው የከረመው፤ ማንም ግን አላረመኝም። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ የባሕሩ ነፋስ የቆርቆሮውን መዝጊያ እያንገጫገጨው ነው። ደጀን ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዱ በፊት ወረቀቱን ሊወስድ ይመጣል።

እስከዚያ ስለ ቀለበቱ ልጻፍልሽ። እኔና አንቺ መቼስ ሌላ ወሬ አናውቅም። እናትሽ "እናንተ ስትናፈቁም ስለ ፕላስቲክ ነው የምታወሩት" ትለናለች። ትለን ነበር ልበል? ይቅር፣ ትለናለች።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ከመጀመሪያው እንድጽፈው ፍቀጂልኝ። ዛሬ መጨረሻው ላይ መድረስ አላስቸኮለኝም።

እናትሽ ኤቨን የሁዳ የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ ወገቧ እምቢ ሲላት ይህን አሮጌ ወፍጮ ገዛች። እኔ "ድንጋዩ ያለቀ ነው" አልኳት፣ እሷ "አንተስ?" አለችኝ። ገዛችው። እህሉን ወደ ድንጋዩ የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ በሁለት ጫፉ ቀለበት ውስጥ ነው የሚዞረው። የፊተኛው ቀለበት የነሐስ ነበር፣ ዘይት ካልጠጣ ይጮሃል። ዘይቱ ደግሞ ወደ እህሉ ይወርዳል። አበቡ ዱቄቷን ይዛ ተመለሰችና "ብዙዬ፣ ጤፌ እኮ ሞተር ሞተር ይላል" አለች። እናትሽ አፈረች፤ ከራሷ ጤፍ መዝና ሰጠቻት፣ ማታ ደግሞ እኔን ተቆጣችኝ፣ ዘይቱን የፈጠርኩት እኔ ይመስል።

በማግሥቱ ሚፍዓል፣ ፕላስቲክ ፋብሪካው ገብቼ የማሽን ክፍሉን ኃላፊ ያኮቭን ለመንኩት። ቁራጭ ናይሎን ሰጠኝ። "ሚንይቺል፣ ይሄ ሸሜን፣ ዘይት፣ አይፈልግም፣ ደረቁን ይዞራል" አለኝ። ቶርኖ ላይ አስቆርጬ ነጭ ቀለበት አስገባሁ፣ ወፍጮው ዝም አለ። እኔም ሰው ፊት መኩራት ጀመርኩ። የበዓሉ ሰሞን መጣ፤ ሰው እስከ ደጅ ተሰልፎ ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ ሲዞር ናይሎኑ ጋለ፣ ለሰለሰ፣ ቀለበቱ እንደ እንቁላል ሞለለ። አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ። ከሥሩ የወደቀውን ነጭ ብናኝ በመዳፍሽ ሰብስበሽ "አባ፣ ሸሌግ" አልሽኝ። በረዶ መስሎሽ ነው። አሁን ድሬስደን ሆነሽ በእውነተኛው በረዶ ትሄጃለሽ።

ከዚያ ነው ፊለር ያለበትን የጠየቅሁት። ሚፍዓል ውስጥ ጆንያው ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ ፍሬው ውስጥ ደቃቅ የመስታወት ክር አለበት፣ ሌላው ዱቄት ድንጋይ፣ ሌላው ግራፋይት፣ ያ እንደ እርሳስ ጥቁር የሆነው። እናትሽ "ምንድን ነው ፊለር የምትለው?" አለችኝ። "ፕላስቲኩ ቶሎ እንዳያልቅ የሚጨመርበት ነው" አልኳት። እሷም "ጭድ ነዋ። ጭድ የሌለው ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ጭድ የበዛበት ደግሞ ይረግፋል። ለዚህ ነው ሚፍዓል የሚያውሉህ?" አለች።

የመስታወቱ ቀለበት ገባ። በዓል መጣ፣ ሄደ፤ ቀለበቱ ንቅንቅ አላለም። ያኮቭን ሳይቀር ጠርቼ አሳየሁት። አንድ ቀን ግን ዘንጉ ይወዛወዝ ጀመር፤ ፈትቼ ሳየው ቀለበቱ ደህና ነው፣ የተበላው ብረቱ ነው። እንደዚያ ወፍራም የነበረው ዘንግ ቀለበቱ የያዘው ቦታ ላይ አንገቱ ቀጥኗል። አንቺ ማግኔት ይዘሽ መጣሽና ከሥር የተጠረገውን ዱቄት ስትነኪው ማግኔቱ ጥቁር ፀጉር አበቀለ። ቀና ብለሽ "ታዲያ አባ፣ ማን ነው የተበላው?" አልሽኝ። ሚፍዓል ውስጥም መስታወት ያለበትን ስንሠራ የማሽናችን ብረት ቶሎ እንደሚያልቅ አውቅ ነበር፤ ግን ማወቄን ከወፍጮው ጋር አላገናኘሁትም። እናትሽ በዚያ ሳምንት ወፍጮውን ዘጋች፤ ለደንበኛው ሁሉ እየዞረች "ብረት በልታችሁ ይሆናል፣ ይቅር በሉኝ" ስትል ሰነበተች። ማንም አልተቀየማትም፤ ቃኘው ብቻ "ለደሜ ጥሩ ነው" አላት።

ግራፋይቱን ሞከርን፣ ለብረቱ ለስላሳ ሆነለት፤ ነገር ግን ነጩ ጤፍ ላይ ጥቁር መስመር አወጣ። የድንጋይ ዱቄት የበዛበትን ሞከርን፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። እናትሽ ስብርባሪውን በእጇ ይዛ "ጭዱ በዛ" ብላ ወደ ቆሻሻው ጣለችው። አንቺ ከዚያ በኋላ ሌላ ትምህርት አልፈለግሽም። ሰው ሁሉ ልጁ ሐኪም ወይም ጠበቃ እንዲሆንለት ሲጸልይ፣ የኔ ልጅ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚበላ ልታጠና ጀርመን ገባች። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ምህንድስና" ብቻ እላለሁ፣ የቀረውን ማን ያስረዳል።

ባለፈው ከበዓላቱ በኋላ ያንቺ ቀለበት በፖስታ መጣ። ጥቁር ነው፣ ደቃቅ የካርቦን ክርና ጥቂት ቴፍሎን ያለበት። እናትሽ "እንደገና ጥቁር?" ስትልሽ "ኢማ፣ ይሄኛው አይለቅም" አልሻት። በስልክ ለሁለታችን ያስረዳሽን አልረሳሁትም። መጀመሪያ ትንሽ ይበላል፣ ከራሱ ላይ ስስ ቆዳ አንስቶ ለብረቱ ያለብሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚተሻሸው ቆዳ ከቆዳ ጋር ስለሆነ መበላቱ ይቀንሳል አልሽ። እናትሽ "እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ለአባትሽ ቆዳዬን ሳለብሰው ዶክተር ያለኝ የለም" አለች። አንቺ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ፣ ኩርፊያዬን ደብቄ።

"በደንብ እህል እየጫናችሁ አዙሩት፣ እየለካህ ንገረኝ፣ ጥናቴ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ዱቄት የኢማን ወፍጮ አይሆንም" አልሽኝ። እኔም በደወልሽ ቁጥር "አልተበላም፣ ደህና ነው" አልኩሽ። እሱ ሐሰት አይደለም። ግን ተይ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አያትሽ ያረፈች ጊዜ አንቺ ወታደር ነበርሽ። ገና የጀመርሽ ሰሞን ነው። ሽማግሌዎቹ "ልጅቷ ጠመንጃ ይዛለች፣ እንዳትሰማ፤ ስትመጣ ይነገራታል" አሉ፤ እንደ አገራችን ወግ። እኛም እሺ አልን። አርብ ቀን ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ፣ ለአያትሽ የሱፍ ካልሲ ይዘሽ መጣሽ። ክፍሏ ገብተሽ የተነጠፈውን አልጋ አየሽ። አልጮህሽም፤ ካልሲውን እንደያዝሽ እዚህ ወርደሽ ጆንያው ላይ ተቀመጥሽ። እኔ ስመጣ "አባ፣ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። እኔ ከማን ጋር ላልቅስ?" አልሽኝ። ከዚያም "ከዛሬ ወዲያ ከእኔ መርዶ አትደብቁ። የሞተው አፈር ሳይለብስ እንድደርስ አድርግ። በቃልህ?" አልሽ። በቃሌ አልኩሽ። ያን ጊዜ ፊትሽን አይቼ ነው ቃል የገባሁት፣ አሁንም ያው ፊት ፊቴ ላይ አለ።

እናትሽ ሆዷን ሲያማት "አሲድ ነው" ትልሽ የነበረው አሲድ አልነበረም። የኩፓት ሆሊም ሐኪሟ ወደ ሆስፒታል ላካት፣ ሆስፒታሉ የሚደረግ የለም ብሎ መልሶ ቤት ላካት። ያኔ ልነግርሽ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ከእጄ ቀማችኝ። "ልጅቷ ቃል አስገብታኛለች" አልኳት።

"ያ ቃል የመርዶ ነው" አለችኝ። "እኔ መርዶ ነኝ እንዴ? ይኸው አለሁ። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እኔው ራሴ በአፌ እነግራታለሁ።"

ከእሷ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም። በዚህም አላሸነፍኩም። ይኸው አለሁ ስትል ደግሞ ለእኔም ይጥመኝ ነበር።

አርብ አርብ ሻባት ከመግባቱ በፊት ትደውያለሽ። እሷ ከምሳ በፊት ጀምራ "ተነስ፣ ወፍጮ ቤት አውርደኝ" ትለኛለች። መጀመሪያ ክንዴን ይዛ ትሄድ ነበር፤ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የማመጣት። እዚህ ሚዛኑ አጠገብ ትቀመጥና ሻሿን ታስተካክላለች። ከከረጢቱ ዱቄት ቆንጥራ ክንዷ ላይና ጉንጯ ላይ ትነሰንሳለች። ከዚያ "አስነሳው" ትለኛለች። ባዶውን አስነሳዋለሁ። ስልኩ ላይ አንቺ ትመጫለሽ።

"ኢማ፣ ዛሬም ሥራ? ዳይ፣ በቃ፣ እረፊ እንጂ።"

"ሰው በዛብኝ፣ ማዓያኔ። ይኸው አባትሽም አያግዘኝም። በሴደር፣ በሴደር፣ እሺ፣ በኋላ እደውልልሻለሁ።"

በኋላ አትደውልም። ከዚያ በላይ መናገር አትችልም ነበር፤ የወፍጮው ጩኸት ትንፋሿን ይሸፍንላታል፣ ለዚያ ነው አስነሳው የምትለኝ። ስልኩን ስትዘጊ እጇን ታነሳለች፣ አጠፋዋለሁ። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ አብስላት ወደ ቤት እንመለሳለን። "ዛሬ አመነችኝ?" ትለኛለች። "አመነችሽ" እላለሁ። ባዶ ወፍጮ ሲዞር ድንጋይ ድንጋይን እንደሚበላ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው ትሰድበው ነበር።

ባለፈው አርብ ስትደውዪ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ "መብራት ጠፍቶ ነው፣ እናትሽ ተኝታለች" ብዬሽ። መብራት አልጠፋም ነበር። ተኝታለች ያልኩት ብቻ እውነት ነበር።

ያ ቃል የመርዶ ነው ብላኝ አልነበር? እንግዲህ ከዛሬ ንጋት ጀምሮ ቃሉ ወደ እኔ ተመለሰ።

ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፈውም። የቀረው ቃል በሰው አፍ ነው የሚነገር፣ ሰው አጠገብሽ ቆሞ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ እጅ ኖሮ። ለዚያ ነው ስልክ ያልደወልኩት። ቤት የተሰበሰቡት የዘመድ ልጆች "አሁኑኑ ደውልላት፣ ምን ዘመን ነው ያላችሁት?" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሰዓቱን ማትረፍ ነበረብኝ። ግን በዚያች ጠባብ ክፍልሽ ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ፣ ስልኩ ሲወድቅና ማንም ሳያነሳው አሰብኩት። አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በሌላ በኩል መጡብኝ። ቃኘው በራችን ላይ ቆሞ "ፈተናዋ በሚቀጥለው ሳምንት አይደል? ጨርሳ ትምጣ። ያ ሁሉ ድካም ገደል ይግባ? እናቷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር" አለኝ። በክፋት አይደለም፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነው የሚናገር።

"ልጄ ሳትመጣ ምንም አይደረግም" አልኩ። በሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ዛሬ አደረግሁት። ራቢው ጋ ራሴ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እስከ ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ግን አይለፍ አለኝ። ልጆቹን ስልካቸው ላይ ምንም እንዳይለጥፉ አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ደጀን "እህቴ ናት፣ እኔ እሄዳለሁ" ብሎ ተነሳ። ሻንጣ አልያዘም። ሲሄድ አንድ ትኬት፣ ሲመለስ ሁለት ትኬት ነው የያዘው።

እንግዲህ ወደ ቀለበቱ ልመለስ፣ ቃል ገብቼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ስገባ እጄ ሥራ ፈለገ። ወፍጮውን ፈታሁና ቀለበትሽን አወጣሁት። ይህን ስታነቢ ደጀን ኪስ ውስጥ ነው፣ በእናትሽ ሻሽ ጠቅልዬዋለሁ። ለካሁት፤ እንደላክሽው ነው። ዘንጉም ደህና ነው፣ አንገቱ አልቀጠነም። ባለፈው "አልተበላም" ስልሽ በስልክ ውስጥ እልል ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ለመምህርሽም ነግረሽው ይሆናል። ልጄ፣ ያን ውጤት ከጥናትሽ ውስጥ አውጪው። ቀለበቱ ያልተበላው ባዶውን ስለዞረ ነው፤ እሱም አንቺ ስትደውዪ ብቻ። ያልሠራ ነገር ምን ይበላዋል? ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፣ ገና አልተፈተነም። ከቤቴ በወጣ የሐሰት ቁጥር ላይ ስምሽ እንዲጻፍ አልፈልግም። እሷም ብትሆን ይህን አትፈልግም ነበር፤ ብረት በልታችኋል ብላ ደጅ ለደጅ የዞረች ሴት ናት።

አንድ ጊዜ ብቻ እውነተኛ ሥራ ሠርቷል። ቀለበቱ በመጣ ሰሞን፣ መቆም ትችል በነበረ ጊዜ፣ "የማዓያንን በርበሬ እኔው ልፍጨው፣ በሷው ቀለበት" ብላ ቆማ ፈጨችው። ደክሟት ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ ልቀበላት ስል በክርኗ ገፋችኝ። ሲያልቅ እንደ ልማዷ አንድ እፍኝ ስንዴ አሳልፋ ወፍጮውን አጸዳች፣ የሚቀጥለው ሰው ጤፍ እንዳያቃጥል። የሚቀጥል ሰው አልመጣም። ቀለበቱን ውስጡን ስታዪው ቀይ ነገር ታገኛለሽ፣ እሱ ያ በርበሬ ነው። በማይክሮስኮፕሽ ልታዪው ትፈልጊ ይሆናል፤ ግን እባክሽ ቶሎ አትጥረጊው።

በርበሬውን በደጀን አልላክሁትም። ማሰሮው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ስምሽን በራሷ እጅ ጽፋበታለች። መጥተሽ ራስሽ ታነሺዋለሽ።

አንድ ቀን በማግኔት ብረት ሰብስበሽ የጠየቅሽኝን ዛሬ ጠዋት ሳስበው ነበር። ማን ነው የተበላው ላልሽው፣ እኔ ሁልጊዜ የማየው ቀለበቱን ብቻ ነበር፣ አጠገቡ ያለውን አላይም። የእናትሽን እጅ ነገ ስታዪ ይገባሻል። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። በራሷም ላይ ተናድጃለሁ፣ ያ የዱቄት ጨዋታዋ ካንቺ ጋር የቀሩትን አርቦች ሁሉ በላብን። ስትመጪ ልትቆጪኝ ትፈልጊያለሽ፣ ተቆጪኝ፤ ደረጃው ላይ ቁሜ እጠብቅሻለሁ። ከእኔ ጋር ግን አልቅሽ። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም፣ አንቺን እየጠበቅሁ ነው።

ስለ ፈተናው፣ መምህርሽን ሺሪ ታነጋግርልሻለች። ፈተና ይጠብቃል፣ ፀሐይ አትጠብቅም። ሞቅ ያለ ልብስ ልበሺ፤ እዚህ ዝናብ ነው፣ የምንሄድበትም ቦታ ጭቃ ነው። ያ እሷ የምትወደውን ሰማያዊ ሹራብ ካገኘሽው ልበሽው፤ ካላገኘሽውም አትፈልጊ፣ ጊዜ የለም።

የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ በመንገድሽ ይቅደም፣ በኋላሽም ይከተል። እናት የመረቀችው አይወድቅም ይባላል፤ እሷ በየአርቡ፣ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ፣ ወፍጮው ሲቆም ትመርቅሽ ነበር። ጩኸቱ ስላለ አንቺ አልሰማሽም። እኔ ሰምቻለሁ፣ ስትመጪ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።

አሁን ወረቀቱን አጥፊውና ተነሺ። ደጀን ውጭ ብርድ ላይ ቆሟል። በሕይወቱ ሲጋራ አጭሶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። በሩን ክፈቺለት።

የሚጠብቅሽ አባትሽ
ምንይችል